«ሶሪ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ከቃሊቲ ተነስቶ ወደ ምኒልክ አደባባይ በሚወስደው ቀላል ባቡር ጠዋት ጠዋት ቆማችሁ የምትሄዱ ወጣቶች ይህን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምትሰሙት ታውቃላችሁ። እግር ይረገጣል፤ «ሶሪ»። የጀርባ ቦርሳ የሰው ፊት ይመታል፤ «ሶሪ»። ገፊውም ተገፊውም «ሶሪ» ይባባላሉ። ከባቡር ወርዳችሁ ታክሲ ስትሳፈሩ ረዳቱ «ዝርዝር የለኝም» ብሎ መልሳችሁን ያስቀርና እሱም «ሶሪ» ይላል። መልሱ ግን ያው እንደቀረ ነው።

ማታ ደግሞ ስልካችሁን ትከፍታላችሁ። ለመዘምራን ልምምድ አርባ ደቂቃ የዘገየው ወንድም «ሶሪ» ብሎ ጽፏል። ከሦስት ወር በፊት ገንዘብ የተበደረችው እኅት «ሶሪ፣ እስካሁን አልተመቻቸልኝም» ብላለች። እናቱ ላረፈችበት ልጅ ከሃያ ሰው «ሶሪ» ተልኮለታል። የጸሎት ርእስ ብላችሁ በአደራ የነገራችሁትን ጉዳይ ለሌላ ሰው ያወራው ጓደኛችሁም እንዲሁ «ሶሪ» ብሏል፤ ከቃሉ ጎን አንገቷን የደፋች አንዲት ቢጫ ፊት ለጥፎበታል።

እግር መርገጥ፣ መዘግየት፣ ብድር አለመክፈል፣ የሰው ሞት፣ አደራ ማፍረስ፤ ለሁሉም ያው አንድ ቃል። እንግዲህ ከእናንተ ጋር ላስብበት የምፈልገው ይህን ነው፤ ይህን ቃል ስንናገር የምንሠራው ሥራ ምንድን ነው? የበደልነውን ሰው በእርግጥ አንድ ነገር ጠየቅነው? ወይስ ስለ ራሳችን ስሜት መግለጫ ሰጥተን አለፍን?

«የፈረንጅ ቃል ለምን ተጠቀማችሁ» ብዬ ልቆጣ እንዳልመጣሁ በቅድሚያ እወቁልኝ። ቃል ከየትም ይምጣ፣ ካገለገለ ያገለግላል። «ወንጌል» የምንለው ቃል ራሱ ከግሪክ የመጣ ነው፤ እሁድ ጠዋትም «ፕሮግራም» እና «ኳየር» ሳንል አንውልም። ጉዳዬ ከቃሉ ዜግነት ጋር አይደለም። ወደ አፋችን ሲገባ ምን ይዞ እንደገባና ምን ጥሎ እንደገባ ነው።

ቃሉ ሲወለድ ቁስል ነበር። ከሺህ ዓመት በፊት በተነገረው በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሳሪግ» ይባል ነበር፤ የተገኘውም «ሳር» ከሚል ስም ነው። ይህ «ሳር» ከብት የሚግጠው ሣር አይደለም፤ ሕመም፣ ቁስል ማለት ነው። ዛሬም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጉሮሮው ሲቆስልበት «ሶር» የሚለው ያንኑ ቃል ነው። ብዙ ሰው «ሶሪ» የመጣው ኀዘንን ከሚገልጸው «ሶሮው» ይመስለዋል፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው፣ በድምፅ ስለተቀራረቡ ኋላ ላይ በትርጉምም ተጠጋጉ። ጀርመኖች «በጣም» ለማለት የሚናገሩት «ዜር» ከዚያው ከቁስል ሥር የበቀለ መሆኑ ደግሞ ይገርማል። እኛም «ክፉኛ ናፈቅሽኝ» ስንል ያንኑ እንሠራለን፤ የክፋትን ቃል ለፍቅር እናውሳለን።

ስለዚህ የጥንቱ ሰው «ሶሪ ነኝ» ሲል «ቆስያለሁ» ማለቱ ነበር። ቃሉ ከዚያ ወዲህ ብዙ መንገድ ተጉዟል። ለምስኪን፣ ለማይረባ ነገር ቅጽል ሆነ፤ የተበላሸን ቤት «በሶሪ ሁኔታ ላይ ነው» ይሉታል። በሰው ኀዘን መካፈያ ሆነ። የተባለውን ላልሰማ ሰው «ምን አልከኝ?» ማለቂያ ሆነ። ማመልከቻን በትሕትና የመጣያ ቃል ሆነ፤ «ሶሪ፣ ቦታው ተይዟል»። ኬንያ ወይም ናይጄሪያ ብትሄዱ ደግሞ መንገድ ላይ ብቻውን የተደናቀፈ ሰው ሲያዩ «ሶሪ» ይሉታል፤ ያደናቀፉት እነሱ ባይሆኑም። ቁስሉ ግን በጉዞው ላይ ከቃሉ ውስጥ እየተንጠፈጠፈ አለቀ። ባቡር ውስጥ የምንሰማው «ሶሪ» ማንም ያልቆሰለበት ቃል ነው። ለባቡር ይበቃል። ለተረገጠ እግር ደም እንባ የሚያለቅስ ሰው ቢኖር እንዲያውም ያስቸግረን ነበር።

ችግሩ የሚጀምረው የባቡሩን ቃል ወደ ትልቁ በደል ስንወስደው ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄ. ኤል. ኦስቲን ከሞተ በኋላ በ1962 እ.ኤ.አ. በታተመው የትምህርቶቹ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ጠቃሚ ልዩነት አሳይቷል። አንዳንድ ንግግር አንድን ነገር ይገልጻል፤ ሌላው ንግግር ግን ራሱ ድርጊት ነው። «ዝናብ እየዘነበ ነው» ብትሉ ገለጻችሁ። «ቃል እገባለሁ» ብትሉ ግን ስለ ቃል ኪዳን ማውራታችሁ አይደለም፤ በዚያው ቅጽበት ቃል ገባችሁ። ታዲያ «ሶሪ ነኝ» የቱ ነው? ኦስቲን በመካከል አስቀመጠው፤ ግማሹ ድርጊት፣ ግማሹ ደግሞ የስሜት ገለጻ። እኔ ይህ ግማሽነቱ ለመደበቂያ የተመቸ ይመስለኛል። በደለኛው «ሶሪ ብያለሁ እኮ!» ሲል ድርጊቱን እንደፈጸመ ይቆጠርለታል፤ «ምን አጥፍተህ ነው?» ሲባል ግን «ያው ስለከፋችሁ ከፍቶኝ ነው እንጂ» ብሎ ወደ ስሜቱ ይሸሻል።

«ይቅርታ» እንዲህ አይሸሽም። ቃሉን ገልጣችሁ ተመልከቱት። «ቀረ» ከሚለው ግሥ ነው የመጣው፤ «ይቅር» ማለት ይተው፣ ወዲያ ይሁን፣ አይከተለን ማለት ነው። በአቃቂ ዙሪያ ገበሬዎች የሚናገሩት ኦሮምኛም በዚሁ ሥዕል ያስባል፤ «ዺፋማ» የሚለው ቃል መተውን ከሚናገረው ግሥ የወጣ ነው። የግእዙ የጌታ ጸሎት «ኅድግ» የሚለው መተውን ነው። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪኩም ይቅር ማለትን የሚናገረው «አፊዬሚ» የሚለው ግሥ መልቀቅ፣ መተው፣ ማሰናበት ማለት ነው፤ ጴጥሮስና ወንድሙ መረባቸውን ትተው ጌታን ተከተሉ ሲባል የገባው ግሥ ይኸው ነው (ማቴ. 4፥20)። ወሎዬው «አፉ በለኝ» የሚለው ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን እዚያ መደምሰስንም ይጨምራል። እነዚህ ሁሉ ቃሎች የሚናገሩት ስለ በደለኛው ስሜት አይደለም፤ ተበዳዩ ስለሚያደርገው ነገር ነው። «ሶሪ» ስል ስለ እኔ አወራሁ። «ይቅርታ» ስል ግን አንተን ለመንሁህ፤ ቁልፉን ለአንተ ሰጠሁህ፤ «አልልም» ማለት ትችላለህ። ለዚህ ነው «ሶሪ» ከአፍ ቶሎ የሚወጣው፣ «ይቅር በለኝ» ግን ጉሮሮ ላይ የሚተናነቀው።

ሐቀኛ ለመሆን፣ አማርኛውም ቢሆን ሊራቆት ይችላል። መንገድ ተቆፍሮ ለወራት ሲከርም «ለሚደርስባችሁ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚል ሰሌዳ ይቆማል። ማን ነው የሚጠይቀው? ማንን? እምቢ ብንልስ ቁፋሮው ይደፈናል? ቃሉ የእኛ መሆኑ ብቻውን አያድነውም።

መጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ የዘመኑን «ሶሪ» አሳምሮ የሚናገር አንድ ሰው አለ፤ ንጉሥ ሳኦል። በ1ኛ ሳሙኤል 15 ላይ ሳሙኤል ሲመጣበት በመጀመሪያ «አላጠፋሁም» ይላል። የበጎቹ ጩኸት ሲያጋልጠው «ሕዝቡ ነው» ይላል። ማምለጫ ሲያጣ «በድያለሁ» አለ፤ ወዲያው ግን ከሕዝቡ ፍርሃት የተነሣ ነው ብሎ ምክንያቱን አስከተለ። በመጨረሻ በቁጥር 30 ላይ የሚለምነውን አንብቡ። በደሉን አምኖ በሽማግሌዎቹ ፊት ክብሩ እንዲጠበቅለት ነው የሚለምነው! ኀዘኑ ከሰው ፊት ስለ መውረዱ ነበር። ዳዊት ግን ናታን ሲመጣበት ያለው ነገር በዕብራይስጡ ሁለት ቃል ብቻ ነው (2ሳሙ. 12፥13)። «ግን» የለበትም።

«አፖሎጂ» የሚለው ሌላው የእንግሊዝኛ ቃል ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። በግሪኩ «አፖሎጊያ» ማለት የተከሰሰ ሰው በሸንጎ የሚያሰማው መከላከያ ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን መልስ የተዘጋጀን እንድንሆን ሲያዝዝ የጻፈው ይህንን ቃል ነው (1ጴጥ. 3፥15)። በዚሁ ስም የሚጠራው የፕላቶ መጽሐፍ ውስጥም ሶቅራጥስ አንድም ጊዜ ይቅርታ አይጠይቅም፤ ጥፋተኛ አለመሆኑን ነው የሚከራከረው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ተገልብጦ ጥፋትን የማመኛ ቃል ሆነ። እኛ ግን ሳናውቀው ወደ ጥንቱ እንመልሰዋለን። «ሶሪ፣ ግን አንቺም…»፤ «ሶሪ፣ በዚያን ቀን ደክሞኝ ስለነበር…»፤ «ቅር ያሰኘኋችሁ ከሆነ ሶሪ»። ይህቺ «ከሆነ» የምትባል ቃል ብዙ ይቅርታ ገድላለች። እኛ አማኞች ደግሞ ለብቻችን ያለን አንድ መከላከያ አለ፤ «ጠላት ተጠቅሞብኝ ነው»። ሔዋን ይህን ከእኛ በፊት ብላዋለች፤ እግዚአብሔርም አልተቀበላትም። ጠፍቶ የመጣው ልጅ በመንገድ ሲያጠናው የመጣውን ንግግር ካያችሁት (ሉቃ. 15) መጥፎ ጓደኞቹን አይጠቅስም፣ ረሃቡን አይጠቅስም፣ አባቱ ድርሻውን ለምን እንደሰጠው አያነሳም። በደልሁ ብሎ ያበቃል።

ሁለተኛው የሚጎድለን ነገር መካስ ነው። የኦሪት ሕግ ሰውን የበደለ ሰው ኃጢአቱን እንዲናዘዝ ካዘዘ በኋላ የወሰደውን በሙሉ እንዲመልስና አንድ አምስተኛ እንዲጨምርበት ያዛል (ዘኍ. 5፥7)። ዘኬዎስ ከዛፉ ከወረደ በኋላ ስለ ጸጸት ስሜቱ አንድም ቃል አልተጻፈለትም፤ የተጻፈለት አራት እጥፍ እመልሳለሁ ማለቱ ነው። እኛ ደግሞ የምንኖረው መካስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ዕለት ዕለት በምናይበት ሰፈር ነው። የአቃቂን ወንዝ ቀለም የምታውቁት ናችሁ። ፋብሪካውም ከተማውም ፍሳሹን ለቆበታል፤ ከታች በዚያው ውኃ አትክልት ይለማል፣ ከብት ይጠጣል። አንድ ሰው መጥቶ ከወንዙ ዳር ቆሞ «ሶሪ» ቢል ውኃው አይጠራም። አንዳንድ በደል እንዲሁ ነው፤ ስሙን ያጠፋችሁበትን ሰው በድብቅ ይቅርታ ብትጠይቁት፣ ወሬው ግን ወርዶ ወርዶ ማን ጋ እንደደረሰ አታውቁም። ቢያንስ ወሬውን የነገራችኋቸው ሰዎች ዘንድ ተመልሳችሁ «ያልኋችሁ ውሸት ነበር» ማለት ይቻላል። ያ ያማል። ቃሉም ሲወለድ ሕመም እንደነበር አስታውሱ።

አባቶቻችን ይህን ሕመም የሚታይ አድርገውት ነበር። በደለኛው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ከተበዳዩ ደጅ ይንበረከካል፤ ተበዳዩ «አውርድ» እስኪለው ድረስ አያወርድም። ሽማግሌዎች «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላሉ። ይህ ወግ ደስ ይለኛል፤ ክብደቱ በአካል ይታያልና። ግን አትሳቱ፤ ድንጋይም ሊዋሽ ይችላል። መጋቢት 1870 ዓ.ም. ላይ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሲገብሩ ድንጋይ ተሸክመው ልቼ ላይ እንደቀረቡ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ያ የጸጸት ድንጋይ አልነበረም፤ የኃይል ሚዛን ድንጋይ ነበር። ማን ከማን በላይ እንደሆነ የሚናገር።

ይህንን ያነሣሁት ለክፍለ ከተማችን ቅርብ ስለሆነ ነገር ለመናገር ነው። «ቃሊቲ» ሲባል የብዙ ኢትዮጵያዊ አእምሮ የሚሄደው ወደ መናኸሪያው ወይም ወደ ጉምሩኩ ሳይሆን ወደ ወህኒ ቤቱ ነው። እዚያ «ይቅርታ» የሕግ ቃል ነው። በሕጋችን «ይቅርታ» የሚሰጠው ለተፈረደበት ሰው ሲሆን «ምሕረት» ደግሞ ወንጀሉን ራሱን የሚያስቀር ነው። የይቅርታ አሰጣጥ ሥነ ሥርዓት አዋጅ በ1996 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2006 ዓ.ም. በሌላ ተተካ። በዚህ ቃል ትርጉም ምክንያት ሰው እዚሁ ቃሊቲ ታስሯል። የቀድሞዋ ዳኛ ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ከሌሎች የተቃዋሚ መሪዎች ጋር ታስራ ዕድሜ ልክ ተፈርዶባት ሐምሌ 1999 በሽማግሌዎች አማካይነት በይቅርታ ተፈታች። ኋላ ውጭ አገር ሄዳ ስለ ይቅርታው በተናገረችው ነገር ክርክር ተነሣ፤ ይቅርታው በማን፣ በምን መንገድ ተጠየቀ? በሽማግሌ ፊት የተደረገ ዕርቅ ነው ወይስ በሕጉ መሠረት ለመንግሥት የቀረበ ልመና? «ቃሌ» የሚል ጽሑፍ አወጣች። ታኅሣሥ 2001 ይቅርታው ተሰርዞ ዳግም ታሰረች፤ የተፈታችው መስከረም 2003 ነው።

የፖለቲካውን ወገን ልይዝ አይደለም ያነሣሁት። አንድ ነገር እንድታዩ ነው፤ ሽማግሌው «ይቅርታ» ሲል፣ መንግሥት «ይቅርታ» ሲል፣ ክርስቲያን «ይቅርታ» ሲል አንድ ዓይነት ነገር እያሉ አይደለም። ከላይ ወደ ታች የሚሰጥ ይቅርታ ሊሰረዝ ይችላል። በእኩዮች መካከል ያለው ግን እንዲህ አይደለም። ደግሞ ከላይ የሚሰጠውን በሰንበት ትምህርት ክፍል ውስጥ ስንሠራበት አያለሁ፤ «ይቅር ብዬሃለሁ» ብለን እያንዳንዱ ጠብ በመጣ ቁጥር የድሮውን መዝገብ እንከፍታለን።

አሁን ወደሚከብደው ጥያቄ ልምጣ። አንዲት እኅት አለች እንበል። አንድ የተከበረ ሰው በደላት፤ ቀላል በደል አይደለም። ነገሩ ሲሰማ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ እሱ «ሶሪ፣ ተሳስቻለሁ» አለ። ከዚያ ሁሉም ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። «ይቅር በይው እንጂ፤ ክርስቲያን አይደለሽም ወይ?» ከአምስት ደቂቃ በፊት ተጠያቂው እሱ ነበር፤ አሁን ግን እሷ ናት የምትመረመረው። የአንድ ቃል ዋጋ ይህን ያህል ከፍ ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት ፊደል ከፍሎ ዕዳውን በሙሉ በእሷ ጀርባ ላይ ጫነው።

ይህ የወንጌል ይቅርታ ነው ብዬ ማመን አልችልም። ጌታ በሉቃስ 17 ላይ በቀን ሰባት ጊዜ ይቅር እንድንል ሲያዝዝ በዚያው ቦታ ወንድምህ ቢበድልህ ገሥጸው ይላል፤ ተግሣጹ ቀድሞ ነው የተጻፈው። «ጌታ በመስቀል ላይ ሳይጠይቁት ይቅርታ ለምኖላቸው የለ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፤ እስጢፋኖስም እንዲሁ አድርጓል። ልብን ከበቀል ነፃ ማውጣት የበደለኛውን ቃል መጠበቅ አያስፈልገውም። ነገር ግን የተሰቀለውን ጌታ «ይቅር በላቸው እንጂ» ብሎ ያዘዘው ከሰቃዮቹ መካከል ማንም አልነበረም። ይቅርታ የሚሰጥ ነገር እንጂ የሚቀማ አይደለም። ዕዳን መተው ሌላ፣ የቤትን ቁልፍ መልሶ መስጠት ሌላ። እኅታችን በልቧ በቀልን ትታ ጉዳዩን ለፖሊስ ብታመለክት፣ ሰውየው ከአገልግሎት እንዲወርድ ብትጠይቅ፣ ዳግመኛ ከእሱ ጋር በአንድ ክፍል አልቀመጥም ብትል ይቅርታን አላፈረሰችም።

ዮሴፍን ተመልከቱ። ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ ግብፅ በመጡ ቀን ማን እንደሆነ አልነገራቸውም። ያለቅስ ነበር፤ ግን ዘወር ብሎ ነበር የሚያለቅሰው። ጠበቀ፤ ፈተናቸው። የሚጠብቀው ምን ነበር? «ሶሪ» አልነበረም ብዬ አስባለሁ፤ መጸጸታቸውንማ በቋንቋቸው ሲያወሩ በጆሮው ሰምቷል (ዘፍ. 42፥21-24)። ያም አልበቃውም። የተሸነፈው በምዕራፍ 44 ነው፤ ብንያም ባሪያ ሆኖ ሊቀር ሲል ይሁዳ ወደ ፊት ወጣ። ይሁዳ ማለት ዮሴፍ ይሸጥ የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ያው ሰው ነው። አሁን ግን በልጁ ፈንታ እኔ ልቅር፣ እኔን ባሪያ አድርገኝ አለ። ዮሴፍ ከዚያ በኋላ ራሱን ሊገታ አልቻለም።

ይህ የይሁዳ ንግግር በአማርኛ አንድ ቃል አለው። ሕፃን ሲወድቅ እናቶች ምን ይላሉ? «እኔን!» መንገድ ላይ የማያውቁት ሽማግሌ ቢደናቀፉ «እኔን አባቴ!» ይላሉ። ሌላ አካባቢ «ሶሪ» በሚባልበት ቦታ የእኛ ሰው «እኔን» ይል ነበር፤ አንተ ከምትወድቅ እኔን ይጣለኝ፣ ሕመምህ ወደ እኔ ይዙር። ከዚህ የጠለቀ የአዘኔታ ቃል በየት አገር እንዳለ አላውቅም። ዛሬ ልጆች ሲወድቁ «ሶሪ ማሚ» ሲባል ስሰማ አንድ ነገር ከእጃችን ሲያመልጥ ይታየኛል። ቃሉን ለባቡር እንተወው፤ «እኔን»ን ግን አንተው ባይ ነኝ።

ምክንያቱም ይቅርታ ሲባል ዕዳው አየር ላይ አይተንም፤ የሚከፍለው ሰው ነው የሚለወጠው። በማቴዎስ 18 ንጉሡ የተወለት ዕዳ 10,000 መክሊት ነበር። አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ነው፣ አንድ ዲናር ደግሞ የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ፤ ስታባዙት 60,000,000 የሥራ ቀን ይመጣል። ንጉሡ «ይቅር» ሲል ያ ገንዘብ ከማን ካዝና ጎደለ? ከራሱ። በዕብራይስጥ ይቅር ማለትን ከሚገልጹ ግሦች አንዱ «ናሳ» ነው፤ ጥሬ ትርጉሙ ማንሣት፣ መሸከም ነው። ኢሳይያስ 53 ስለ ባሪያው ደዌያችንን ተሸከመ፣ የብዙዎችንም ኃጢአት ተሸከመ ሲል የተጠቀመው ይህንኑ ግሥ ነው። ድንጋዩን ከበደለኛው አንገት ላይ አንሥቶ ተበዳዩ ራሱ ተሸከመው እንደ ማለት ነው። ይህን ያወቀ ሰው ሌላውን «ቶሎ በይ፣ ይቅር በይው» ብሎ አያጣድፍም። የሚሸከም ሰው ፋታ ያስፈልገዋል።

የዮሴፍ ወንድሞች ይቅር በለን ብለው በግልጽ የለመኑት መቼ እንደሆነ አስተውላችኋል? ግብፅ በገቡ ቀን አይደለም። ዮሴፍ አቅፏቸው አልቅሷል፣ ምድር ሰጥቷቸዋል፣ መግቧቸዋል፤ እነሱ ግን ልመናውን አልተናገሩትም። ያዕቆብ በግብፅ 17 ዓመት ኖሮ ከሞተና ከተቀበረ በኋላ ነው (ዘፍ. 50፥15-17)። ያኔም በአካል አልመጡም፤ መልእክተኛ ላኩ፣ የአባታቸውንም ስም ተንተራሱ። የላኩት ቃል ውስጥ ያለው ግሥ ግን «ናሳ» ነው፤ አንሣልን። ዮሴፍም መልእክቱን ሲሰማ አለቀሰ።